ቢጫው የጠፋበት ዓርብ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ቤቴል ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን ቀኝ ጥግ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አየሁ። መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው። የሄድኩት ደም ግፊቴን ለመለካት ነበር።

ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይታ ሳቀች።

«እሱን አይዩት ጋሼ፤ ሁሌም እንደዛ ነው።»

«ኢንተርኔት የለውም?»

«የለውም። ለውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ደህና ነው።»

«ደህና መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«ሁሌም እንደዛ ነዋ!» አለችና ካርዴን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲመልስልኝ አንድ ጥያቄ መጨመር የሥራዬ ልማድ ነው። የዚያን ዕለት አልጨመርኩም።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበርኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ ላለ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አየር ጤና ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ቤቴል ደግሞ ለአንድ ክሊኒክ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እሠራ ነበር። ያ ክሊኒክ ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ሶፋና አልጋ ይሸጥበታል።

ክሊኒኩ አምስት ክፍል፣ ስድስት ኮምፒውተር ነበረው፤ ካርድ ክፍል ሁለት። ባለቤቱ ዶክተር ቁጡ ባይሆኑም ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛቸው ፊት አቁመው የነገሩኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

«ሳሙኤል፣ እዚህ ቤት የሚጻፈው የሰው ገመና ነው። እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ እንጂ ከዚህ ግቢ የሚወጣ ነገር አልፈልግም። ገባህ?»

ገባኝ። ስድስቱን በገመድ አገናኘኋቸውና ወደ ውጭ የሚያወጣ ነገር ሳልሰጣቸው ተውኳቸው። ካርድ ክፍል ያለውን ትልቁን ኮምፒውተር መዝገብ ያዥም ቁጥር አዳይም አደረግኩት። ቁጥር ማደሉን ባለሙያዎች ዲኤችሲፒ ይሉታል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ኮምፒውተር ሲበራ ማንነቱን የሚናገርበት ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ገመዱ ውስጥ «ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል። አዳዩ ይሰማና ይሰጠዋል። ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚሰጥ ሌላ መስመርም አለ፤ ወደ ውጭ መውጣት ሲፈልግ በየት በር እንደሚወጣ የሚነግረው። እኔ ያንን መስመር ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት። በር የለምና።

ሥራው ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተሮቹ መውጫ በር ሲያጡ ጥጋቸው ላይ ቢጫ ምልክት ማውጣት ጀመሩ፤ ሁሉም፣ ቀኑን ሙሉ። ምንም እንዳልተበላሸ አስረዳሁ። ማንም አላመነኝም። የካርድ ክፍሏ ጽጌ ከቁስል መሸፈኛው ፕላስተር ቆርጣ የስክሪኗ ጥግ ላይ ለጠፈችበት። ላቦራቶሪ የሚሠሩት አቶ ንጉሤ በኮሪደር ባለፍኩ ቁጥር «ቢጫው መጣ» ይሉኝ ጀመር። ዘበኛው ጋሽ ቱሉ ደግሞ ከሁሉም ይብሱ ነበር።

«እኔ እዚህ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው አስገባለሁ፣ ሰው አስወጣለሁ» አሉኝ አንድ ቀን ካፖርታቸውን እየጠቀለሉ። «አንተ ተምረህ ተምረህ በር የሌለው ቤት ሠራህ?»

«ጋሽ ቱሉ፣ ዶክተር ናቸው ያዘዙት።»

«እሳቸውማ ሐኪም ናቸው። አናጢው አንተ አይደለህም?»

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። በነዚህ ሁለት ወራት ሌላም ልማድ ተለወጠ። ቀድሞ የደም ምርመራ ውጤት በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በሽተኛው ራሱ ወደ ዶክተሩ ክፍል ይዞት ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ የሁለት ሴቶች ወረቀት ተቀያየረና ዶክተሩ ወረቀቱን ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ አቶ ንጉሤ ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ፣ ዶክተሩ በራሳቸው ስክሪን ያያሉ። ያልደረሰ ከሆነ ስክሪኑ «ውጤት አልደረሰም» ይላል። ሁሉም ሰው ያንን ጽሑፍ ማመን ለመደ።

ሰኔ ገባ። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል የሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩ ጭቃ ሆነ፤ በቆሎ ጠባሾች ከሰላቸውን ይዘው በየሱቁ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። እኔ በዚያ ሰሞን የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙ ሰዎችን እያነጋገርኩ አንድ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። አንድ ጋዜጣ እስከ ሐሙስ ማታ ከላክሁ አየዋለሁ ብሎኛል። ሐሙስ ከሰዓት አየር ጤና ያለው ኢንተርኔት ቤት መብራት ጠፍቶበት ተዘግቶ አገኘሁት።

አንድ ጓደኛዬ ሲም ካርድ ወስዶ ኢንተርኔት የሚያድል ትንሽ ነጭ ራውተር ነበረው። ለምኜ ተቀበልኩትና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሠራተኞቹ እየወጡ ነበር። ራውተሩን ከካርድ ክፍሉ ገመዶች ጋር ሰካሁት፣ የጽጌን ኮምፒውተር አጥፍቼ አበራሁ። ፕላስተሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቢጫው የለም። ጽሑፌን ላክሁ።

ለራሴ የነገርኩት ቢጫውን ለማጥፋት እየሞከርኩ ነው ብዬ ነበር። እውነቱ ጽሑፉ ነው። ይህን ከዚህ ቀደም በጽሑፍ አስፍሬው አላውቅም።

ራውተሩም ቁጥር አዳይ እንደሆነ አውቅ ነበር። በአንድ ቤት ሁለት አዳይ ካለ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ከመለሰለት እንደሚቀበልም አውቅ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ ወረደ፣ ከጋዜጣው መልስ ቢመጣ ጠዋት እዚያው ላየው ፈለግሁ፣ ከሁሉም በፊት ደርሼ እነቅለዋለሁ አልኩና ትቼው ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ጦር ኃይሎች የታክሲው ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። ክሊኒኩ የደረስኩት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጽጌ ከካርድ ክፍሉ መስኮት እጇን አውጥታ ጠራችኝ። ፕላስተሯን ልጣ ጣቷ ላይ አጣብቃዋለች።

«ጠፋ! አንተ ልጅ፣ ጠፋ እኮ! የዶክተርም ጠፍቷል!»

ትኩስ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለኔ ብላ ነው የገዛችው። አቶ ንጉሤ ከላቦራቶሪያቸው አንገታቸውን አውጥተው «የኔ እኮ አሁንም ቢጫ ነው፤ አድልዎ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዶክተሩ ራሳቸው በር ላይ ብቅ አሉ።

«በመጨረሻ አስተካከልከው» አሉኝ። «እግዜር ይስጥህ።»

ቢጫው የጠፋው በር ስለተከፈተ መሆኑን፣ ያ በርም እሳቸው የከለከሉት መሆኑን በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። ራውተሩን ልንቀለው ብል ቢጫው በሁሉም ፊት ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ እነቅለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፓስቲውን በላሁ። በውስጡ ያለው ሩዝ ትኩስ ነበር፤ ጣዕሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኮሪደሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ጋቢ ደርባለች። ሁለት ጊዜ በፊቷ አለፍኩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሥታ፣ ለጽጌ አንድ ነገር ብላ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወጣች። ጋሽ ቱሉ በሩን ከፈቱላት። ሰዓቱን የማውቀው በዚያች ደቂቃ የጋዜጣው መልስ በጽጌ ኮምፒውተር ስለደረሰኝ ነው። መልሱ ላይ ሰዓት ተጽፎበታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ንጉሤ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገቡ።

«ያቺ እርጉዝ ሴት፣ አስካለች፣ መድኃኒት ጀመረች?»

«ውጤቷ መቼ ደረሰና?» አሉ ዶክተሩ።

«ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው የጻፍኩት! ወባ ነው፤ ደሟን ሞልቶታል።»

ሁላችንም ስክሪኑን አየን። ጥጉ ንጹሕ ነው። መሃሉ ላይ «ውጤት አልደረሰም» ይላል።

ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ገባኝ። የዶክተሩ ኮምፒውተር ጠዋት ሲበራ የመለሰለት ራውተሩ ነው። ከሱ ቁጥር ወስዶ ዓለምን ሁሉ ማየት ሲችል ካርድ ክፍል ያለውን መዝገብ ግን ማየት አልቻለም፤ ያላየውን ሁሉ ደግሞ «አልደረሰም» ይላል። የአቶ ንጉሤ ኮምፒውተር ከአሮጌው አዳይ ነው የወሰደው፤ ቢጫው አለበት፣ ሥራውንም በትክክል ሠርቷል።

አስካለች አባቷን ለመቅበር ወደ ቆላ ወርዳ፣ ከሳምንት በኋላ በትኩሳት የተመለሰች የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ «ውጤትሽ ዘግይቷል፣ ትንሽ ጠብቂ» ብለዋታል። በመጨረሻ ለጽጌ «ነገ እመለሳለሁ፤ መቀመጥ አቃተኝ» ብላ ነው የሄደችው።

ካርዷን አወጣን። ስልኳ ዝግ ነው። አድራሻው «ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቆሼ አለፍ ብሎ» ይላል፤ የቤት ቁጥር የለውም።

«እስከ ነገ መጠበቅ የለባትም» አሉ ዶክተሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ለሷም ለፅንሱም። ሂዱና ፈልጓት።»

አቶ ንጉሤ ውጤቱን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። በጥድፊያው ራውተሩን መንቀል ትዝ አላለኝም። መልኳን በደንብ ያዩት ጋሽ ቱሉ አብረውኝ መጡ። ከቤቴል አየር ጤና በታክሲ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ወርደን የቀረውን በእግር ጀመርን። ዝናቡ አላባራም። የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሽታ በዝናብ ጊዜ ዝቅ ብሎ መንገዱ ላይ ይተኛል። በየኪዮስኩ «አስካለች የምትባል ታውቃላችሁ?» እያልን ጠየቅን። ሁለት አስካለች አገኘን፤ አንዷ ሰባ ዓመቷ ነው።

ጋሽ ቱሉ ቆሙ።

«እንዲህ አይሆንም። ሴትዮዋ ሐዘንተኛ ናት አይደል? አባቷ ሞቶ የመጣች ሰው ዕድር ድንኳን ሳይተክልላት ይቀራል? ድንኳን እንፈልግ።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። በኋላ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ከተማርኩት ሁሉ የሚተናነስ አይደለም። ድንኳን አገኘን። ገባን። ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ቀና ብለው አዩንና ቦታ ለቀቁልን። ጋሽ ቱሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ንፍሮ ዘግና በመዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«ጋሽ ቱሉ፣ እንጠይቅ እንጂ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሐዘን ቤት ገብተህ ገና ከመቀመጥህ ልትጠይቅ? ዝም በል፣ ብላ።»

ንፍሮውን በላሁ። ስንዴና ባቄላ ነበር። ሰዓቴን በእጅጌዬ ሥር አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከአሥር። አጠገባችን ያሉት ሽማግሌ ሟቹ እንዴት እንደሞቱ ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩን ጀመር። ሟቹ የታወቁ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበሩ። የአስካለች አባት አይደሉም። የተሳሳተ ድንኳን ውስጥ ነን፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ መነሣት አልቻልኩም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ጋሽ ቱሉ እየተነሡ ለሽማግሌው በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ጣል አደረጉላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አስካለችማ የኛ ዕድር ናት። ድንኳን አልፈልግም ብላ ነው፤ አሞኛል ብላ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።»

ሰማያዊውን በር አገኘነው። ተቆልፏል። ከጎረቤት አንዲት አሮጊት ወጡ።

«አሁን በባጃጅ ወሰዷት ልጄ። ባሏ ተሸክሞ ነው ያወጣት፤ ያንቀጠቅጣታል። ሰው አታውቅም።»

«የት ወሰዷት?»

«ሆስፒታል ነዋ።»

«የትኛው ሆስፒታል እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አሁን የሚሉት መቼ ነው?»

«እናንተ ከዚያ ድንኳን ስትወጡ አይቻችሁ የለም? ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ።»

ጋሽ ቱሉ ቆባቸውን አወለቁ፤ ያለ ምክንያት፣ በዝናብ ውስጥ። እኔ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ያዝኩት። ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። ጠርዙ ርሶ ቀለሙ መፍሰስ ጀምሯል።

ለዶክተሩ ደወልኩ። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ለሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ሲደውሉ ዋሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አገኟት። ሐኪሞቹ ደሟን እንደገና መርምረው ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መድኃኒት እየሰጧት ነበር። የኔ ወረቀት አላስፈለገም።

ክሊኒኩ ስመለስ ዶክተሩ ብቻቸውን ነበሩ። ራውተሩን ነቀልኩና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አጥፍቼ አበራሁ። ቢጫው በሁሉም ላይ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጽሑፉንም፣ ጠዋት ሲያመሰግኑኝ ዝም ማለቴንም።

አንገታቸውን አዙረው ኮሪደሩን አዩ።

«ላቦራቶሪው ከዚህ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው» አሉ። «ወረቀቱን የከለከልኩ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ብጠይቅ ይበቃ ነበር።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቢሆንም አንተው ራስህ ትነግራታለህ።»

ቅዳሜ ፅንሱ ወረደ። እሑድ ከዶክተሩና ከጋሽ ቱሉ ጋር ሆስፒታል ሄድን። አስካለች ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ እግርጌዋ ቆሟል። በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ሰዓቶቹን ጭምር። ስጨርስ ባሏን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ስልኬን ያጠፋሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ለቅሶ ደራሽ በዛብኝና። ተቀምጬ ብጠብቅም ኖሮ…»

«ተይ እንጂ» አሉ ጋሽ ቱሉ። «እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩልሽ። ንፍሮ ካልበላን ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ዶክተሩም ስለ ወረቀቱ ጀመሩ። ሁሉም የየራሱን ሲያነሣ የኔ የት እንደደረሰ ጠፋኝ። ጥፋቱን የሚቀበለኝ ሰው አላገኘሁም። ባሏ ብቻ እስክንወጣ ድረስ ጫማዬን ያይ ነበር። ጭቃው አልለቀቀም ነበር።

የሆስፒታሉን ሐኪም በር ላይ ጠየቅሁት። ወባው ብቻውን ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል አለኝ፤ የዘገየው ሰዓትም ሊሆን ይችላል፤ መለየት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ በሥራ ምክንያት ያገኘኋቸውን ሦስት ሐኪሞች ስሟን ሳልጠራ ጠይቄያለሁ። መልሳቸው ያው ነው።

ጽሑፌ በሳምንቱ ወጣ። ቅጂው የለኝም። ክሊኒኩ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤ እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ ሠርቼ ለቀቅሁ። ጽጌ በመጨረሻው ቀን «ቢጫው ሆይ፣ ደህና ሁን» አለችኝ። ፕላስተሩን መልሳ አልለጠፈችም ነበር።

ሰዎች ጋዜጠኛ ለምን ሆንክ ሲሉኝ የምሰጠው የተለመደ መልስ አለኝ፤ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ መጀመሪያ ጽሑፍ። ሐሰት አይደለም። ግን በሥራዬ ላይ ሰዓት ሳላረጋግጥ የማልጽፈው፣ አንድ ነገር ድንገት ሲያምር ደስታዬን ለጥቂት ጊዜ የማቆየው፣ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ደረስኩ፤ አምስት ሰዓት ከሃያ ሄደች። በመካከሉ ሃምሳ ደቂቃ ነበረኝ። ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ደምሬ ቀንሼዋለሁ፤ አይለወጥም።

ባለፈው ማክሰኞ ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ነርሷ ክንዴን ጠቅልላ ለካችኝ፣ ከፍ ብሏል አለችኝ፣ ጨው እንድቀንስ ነገረችኝ። ስወጣ በካርድ ክፍሉ መስኮት አጎንብሼ አየሁ። ልጅቷ ሌላ ሰው እያስተናገደች ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ቢጫው በቦታው ነበር።